ታካሚውን እንለካ ወይስ ወረቀቱን? የሞከርኳቸው የንባብ መለኪያዎች

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። አንድ ወረቀት ለማንበብ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለኩት ቀመሮች ነፃና ፈጣን ናቸው፣ ግን በቀላሉ ይሸወዳሉ። የሰውን የማንበብ አቅም የሚለኩት ፈተናዎች ለጥናት ጥሩ ናቸው፣ ታካሚ ፊት ለፊት ተቀምጦ ግን አልሰጣቸውም። ሁለቱንም የሚያስከነዳ አንድ ዘዴ አለ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ኮምፒውተር አይጠይቅም፣ ሆኖም ብዙ ቦታ አይሠራበትም። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሥራዬ ለታካሚ የሚሰጥ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ መተርጎምና ማረም ነው። ከመድኃኒት ፓኬት ውስጥ ተጣጥፎ የሚወጣው መግለጫ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚፈረመው የስምምነት ቅጽ፣ ተኝቶ የታከመ ሰው ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት፣ እነዚህ ሁሉ በእጄ አልፈዋል። መለኪያዎቹንም ያወቅኳቸው በዚሁ ሥራ ነው። አንዳንዶቹን በየሳምንቱ እጠቀምባቸዋለሁ። አንዳንዶቹን ሁለት ሦስቴ ሞክሬ ትቻቸዋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው የማንበብ አቅም አለው። እያንዳንዱ ወረቀትም ከአንባቢው የሚጠብቀው አቅም አለ። ሁለቱን ለክታችሁ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በ1990 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ አደረገ፤ በአምስት የተመላላሽ ሕክምና ቦታዎች 151 አዋቂዎችን በንባብ ፈተነ፣ እዚያው ቦታ የሚታደሉትን ወረቀቶች ደግሞ በኮምፒውተር ለካ። በመንግሥት ክሊኒኮች የሚታከሙት ሰዎች በአማካይ የሚያነቡት በ6ኛ ክፍል ደረጃ ነበር። አብዛኞቹ ወረቀቶች ግን ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ኮሌጅ የሚደርስ ንባብ ይጠይቁ ነበር። የስምምነት ቅጾቹማ ጭራሽ የኮሌጅ ናቸው። የ6ኛ ክፍል ልጅ የ11ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ተሰጥቶት «ጤናህ እዚህ ውስጥ ነው፣ ቤትህ ሄደህ አንብበው» ሲባል አስቡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ታካሚዎቻችን 12ኛ ክፍል የጨረሱ ናቸው፣ ስለዚህ ይህ ወረቀት አይከብዳቸውም» ይባላል። የጨረሱት ክፍልና የሚያነቡበት ደረጃ ግን አንድ አይደለም። ሲፈተኑ የብዙዎች ንባብ ከተማሩበት ክፍል በበርካታ ክፍሎች ዝቅ ብሎ ይገኛል። ደግሞ የታመመ፣ የተጨነቀ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጤነኛ ሆኖ የሚያነበውን ያህል አያነብም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለታካሚ የሚሰጥ ጽሑፍ ከ6ኛ ክፍል ደረጃ እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልግባ።

ከወረቀት መለኪያዎቹ የታወቀው የሩዶልፍ ፍሌሽ ቀመር ነው፣ በ1948 የወጣ። የሚቆጥረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል አለ፣ በአንድ ቃልስ ስንት ቀለም አለ። ቀለም ስል ቃሉ ሲነገር የሚከፋፈልበትን ድምፅ ማለቴ ነው። ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣችኋል፣ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ጽሑፉ ይቀላል። በ1975 ኪንኬድና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ብለው ነጥቡን ወደ ክፍል ደረጃ ቀየሩት። ዛሬ በኮምፒውተር መጻፊያ ፕሮግራሞች ውስጥ አብሮ የሚመጣው ይኸው ነው። አንድ ቦታ ትጫናላችሁ፣ «8.2» ይላችኋል። 8ኛ ክፍል አለፍ ያለ ማለት ነው። ጥድፊያ ላይ ላለ ሰው ይህን የመሰለ ነገር የለም።

እኔ ለጤና ጽሑፍ የምመርጠው ግን ስሞግ የሚባለውን ነው። ሃሪ ማክላፍሊን በ1969 ያወጣው ቀመር ነው። በእርሳስና በወረቀት ይሠራል። ከጽሑፉ መጀመሪያ 10፣ ከመሃል 10፣ ከመጨረሻ 10 ዓረፍተ ነገር ትወስዳላችሁ። በ30ዎቹ ውስጥ ሦስት ቀለምና ከዚያ በላይ ያላቸውን ቃላት ትቆጥራላችሁ። የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ወስዳችሁ 3 ትደምሩበታላችሁ። ቃላቱ 49 ቢሆኑ ስኩዌር ሩቱ 7፣ 3 ሲደመርበት 10፤ ስለዚህ 10ኛ ክፍል። የምወደው ጥብቅ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ ቀመሮች የተሠሩት አንባቢው ግማሹን ወይም ሦስት አራተኛውን ቢረዳ ይበቃል ብለው ነው። ስሞግ ሙሉ በሙሉ መረዳትን ይጠይቃል። ለልብ ወለድ ሦስት አራተኛ ይበቃ ይሆናል፣ ለኢንሱሊን አወሳሰድ ግን አይበቃም። በዚህ ምክንያት አንዱን ጽሑፍ በፍሌሽና ኪንኬድ ቀመርም በስሞግም ስትለኩት ስሞግ ብዙ ጊዜ 2 እና 3 ክፍል ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። «ወረቀታችን 6ኛ ክፍል ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ «በየትኛው ቀመር?» በሉት። መልሱ ብዙ ነገር ይቀይራል።

ቅሬታዬ አሁን ይጀምራል። ቀመሮቹ ርዝመት ይቆጥራሉ እንጂ ትርጉም አያውቁም። በእንግሊዝኛ «ሜዲሲን» ሦስት ቀለም ስላለው ለስሞግ ከባድ ቃል ነው። «ስቴንት» አንድ ቀለም ስለሆነ ቀላል ነው። የልብ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ የሽቦ ቱቦ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ገልብጣችሁ ብትጽፉት ነጥቡ ያው ነው። ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ «2.5» ውስጥ ያለችውን ነጥብ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አድርጎ ሊቆጥራት ይችላል። ያኔ የመድኃኒት መጠን የበዛበት ወረቀት በሐሰት ቀላል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት የአሥርዮሽ ነጥቦችን፣ ምሕጻረ ቃላትንና ርዕሶችን አጽዱ። ይህን የማያደርግ ሰው ውጤት አላምንም።

ደግሞ «ውጤትዎ ኔጌቲቭ ነው» የሚለውን ተመልከቱ። ሦስት ቃል። ከዚህ የሚቀል ዓረፍተ ነገር የለም፣ እንደ ቀመሩ። ነገር ግን ኔጌቲቭ ሲባል መጥፎ ዜና የመሰለው፣ ፖዘቲቭ ሲባል ደግሞ እፎይ ያለ ሰው ስንት ነው?

እኔም በዚሁ ተታልያለሁ። ስለ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣልኝ። ረጃጅሙን ዓረፍተ ነገር ቆራረጥኩ፣ ከባዱን ቃል በአጭር ቃል ተካሁ፣ እንደገና ለካሁ፣ እንደገና ቆራረጥኩ፣ እንዲህ እያልኩ 6ኛ ክፍል ሲደርስልኝ ደስ ብሎኝ ወደ አማርኛ መለስኩት። አንዷ ዓረፍተ ነገር «ያልተለመደ መድማት ካዩ ወዲያውኑ ይምጡ» ትል ነበር። አጭር፣ ግልጽ፣ የተዋበች መሰለችኝ። ከመታተሙ በፊት መድኃኒቱን ለሚወስዱ አንድ አባት ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት። በትክክል አነበቡት።

«አባባ፣ ምን ካዩ ነው ቶሎ የሚመጡት?» አልኳቸው።

«ያልተለመደ መድማት ይላል። እኔ ግን ቁስል የለብኝ፣ ከየት እደማለሁ ልጄ?»

«ሰገራዎ ቢጠቁርብዎስ?»

«እሱማ የሆድ ነገር ነው። የበላሁት ነው የሚሆነው።»

ጥቁር ሰገራ ሆድ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ለመሆኑ ዋናው ምልክት ነው። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ሞትና ሕይወት ነው። ወረቀቴ ለእኒህ አባት ይህን አልነገራቸውም። ዓረፍተ ነገሯን ጣልኳትና በምትኩ ይህን ጻፍኩ፦ «ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንትዎ ከቀላ፣ ነስር ከያዘዎትና አልቆም ካለ፣ ጥርስዎን ሲያጸዱ ድድዎ ደም ማፍሰሱን ካላቆመ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይምጡ። ደም እየፈሰሰዎት ሊሆን ይችላል።» ይህ ከበፊቱ በጣም ይረዝማል። በቀመር ቢለካ ከብዷል ነው የሚለኝ። እሳቸው ግን አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው «ለካስ ደም ይጠቁራል» አሉ። ለእኔ የዚያ ቀን መለኪያ ይህች ናት።

ቀመሮቹን ጣሏቸው እያልኩ አይደለም። 14ኛ ክፍል የሚል ውጤት ከወጣ ጽሑፉ በእርግጥ ከባድ ነው፣ ይህን ሲሉ አይሳሳቱም። የማይታመኑት «ቀላል ነው» ሲሉ ነው። እንደ ቴርሞሜትር ናቸው። ትኩሳት ካሳየ ችግር አለ፣ ትኩሳት አላሳየም ማለት ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ከ5 ኮከብ 3 እሰጣቸዋለሁ።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እነዚህ ቀመሮች የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው። ቁጥሮቻቸውም ከእንግሊዝኛ አንባቢዎች የተገኙ ናቸው። የአማርኛ ቃል ብዙ ነገር ተሸክሞ ነው የሚሄደው። «ስላልተስማማኝ» አንድ ቃል ነው። ምክንያቱን፣ አሉታውንና ሰውየውን በአንድ ላይ ይዟል። ስምንት ፊደል ቢሆንም የሰፈር ልጅ ሁሉ ይረዳዋል። በስሞግ ብንቆጥረው ከባድ ቃል ይባላል። በዚህ ዓይነት አማርኛ ሁሉ የኮሌጅ ንባብ ሊሆን ነው። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ቀመር ለክቶ «ስድስተኛ ክፍል» የሚል ሪፖርት ካያችሁ አትቀበሉት። እኔ በአማርኛ የምቆጥረው የዓረፍተ ነገሩን ርዝመት ብቻ ነው፣ እሱንም ለራሴ ማንቂያ ያህል።

ሰው ወደሚለኩት ልለፍ።

ሪልም የሚባለው በ1991 ወጥቶ በ1993 አጥሮ የቀረበ ፈተና ነው። 66 የሕክምና ቃላት ያሉበት ዝርዝር ለታካሚው ይሰጣል። ጮክ ብሎ ያነባል፣ ፈታኙ በትክክል የተነበቡትን ይቆጥራል። 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። 61ና ከዚያ በላይ ያነበበ 9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ፣ ከ45 እስከ 60 ያነበበ 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ደረጃ ይባላል፣ ወደ ታችም እንዲሁ ይቀጥላል። ፈጣንነቱን እወድለታለሁ። ሆኖም የሚለካው መጥራትን ነው። በእንግሊዝኛ ይህ በመጠኑ ያስኬዳል፣ ምክንያቱም የእንግሊዝኛ አጻጻፍና አነባበብ የተራራቁ ስለሆኑ ቃሉን ያላወቀ ሰው በትክክል አይጠራውም። ፊደላቸው እንደተጻፈ በሚነበብ ቋንቋዎች ግን ዋጋ ያጣል። ስፓኒሾች ይህ ደርሶባቸዋል። በ2006 ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሳልሳ የሚባል ሌላ ፈተና የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። እሱ ላይ ሰውየው 50 ቃላት ያነባል፣ ከዚያ ቃሉ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚዛመድ ይመርጣል። መጥራቱ ብቻ አይበቃም።

የእኛም ፊደል እንደዚያው ነው። መጥበቅና መላላትን አያሳይም እንጂ፣ «አለ» የሚለውን እንደ አገባቡ ነው የምንለየው፣ ከዚያ በቀር ፊደል የቆጠረ ሰው የማያውቀውንም ቃል አሳምሮ ይጠራል። ለአንድ ጥናት ረዳት ሆኜ ቃላት ሳስነብብ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት «ኦስቲዮፖሮሲስ» የሚለውን ሳይደናቀፉ አነበቡልኝ። ቅጹ ላይ «ትክክል» ብዬ ምልክት አደረግኩ። ከፈተናው ውጭ «ምን ማለት ይሆን እማማ?» ብዬ ስጠይቃቸው «አንብቢ አልከኝ አነበብኩ፣ እሱን አንተ ንገረኝ» አሉ። አጥንት መሳሳት ነው ስላቸው ሁለት ጎረቤቶቻቸው እንዳለባቸው ነገሩኝ። በሽታውን ያውቁታል። ቃሉን ይጠሩታል። ሁለቱን የሚያገናኝላቸው ሰው ነው የጠፋው። ፈተናው ላይ ግን ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል።

ቶፍላ የሚባለው የ1995ቱ ፈተና ከዚህ ይሻላል። እውነተኛ የሕክምና ጽሑፍ ይሰጣል፣ በየአምስት እስከ ሰባት ቃሉ አንድ ቃል ተነሥቶ ባዶ ቦታ ተትቷል፣ ከአራት ምርጫ ትክክለኛውን መሙላት ነው። 50 የንባብ ጥያቄ አለው። በተጨማሪ 17 የቁጥር ጥያቄ አለው፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን አይቶ ቀጣዩ ኪኒን ስንት ሰዓት ይወሰዳል የሚል ዓይነት። የቁጥሩ ክፍል በጣም ጠቃሚ ነው። ብዙ ሰው ቃል ያነብና ሰዓት ማስላት ላይ ይወድቃል። ችግሩ ሙሉው ፈተና 22 ደቂቃ ይፈጃል። በ1999 ያጠረው መጥቷል፣ እሱም ቢሆን ለሥራ ቦታ ረጅም ነው። ለጥናት 4 ኮከብ፣ ለዕለት ሥራ 1።

በ2005 የመጣው ኒውስት ቫይታል ሳይን በአንድ የአይስክሬም ዕቃ ላይ የተለጠፈ መረጃ ሰጥቶ 6 ጥያቄ ይጠይቃል። ሙሉውን ብትበላ ስንት ካሎሪ ነው? ለለውዝ አለርጂ ብትሆን መብላት ትችላለህ? 3 ደቂቃ ገደማ ነው። ብልህ ፈተና ነው። ግን ይበልጥ ሒሳብ ነው፣ ሰዎችም ይደናገጡበታል። ከአንዴ በላይ አልተጠቀምኩበትም።

ሰው መለካት ካለባችሁ እኔ የምመክረው ከሁሉም አጭሩን ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ከሐኪም ወይም ከፋርማሲ የሚሰጥዎትን ጽሑፍ ለማንበብ ሰው እንዲያግዝዎት የሚፈልጉት ምን ያህል ጊዜ ነው?» በቃ። ማንንም ተማሪ አያደርግም። በጨዋታ መሃል ይጠየቃል።

ምክንያቱም ሁላችንም የምንረሳው ነገር ሐፍረት ነው። «መነጽሬን ረስቻለሁ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? «ቤት ሄጄ ረጋ ብዬ አነበዋለሁ»፣ «ልጄ ታነብልኛለች»? ሁሉም መነጽር የረሱ አይደሉም። በ1996 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ላይ ንባብ እንደሚቸግራቸው ካመኑት ታካሚዎች 67 በመቶው ለትዳር ጓደኛቸው እንኳ ነግረው አያውቁም። 19 በመቶው ለአንድም ሰው ተንፍሰው አያውቁም። እንዲህ ያለ ምስጢር የያዘን ሰው ታምሞ በመጣበት ቀን ቁጭ አድርጎ ቃል ማስነበብ፣ ሲሳሳት እያየ ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ «6ኛ ክፍል» ብሎ ካርዱ ላይ መጻፍ፣ እኔ ይህ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ደግሞ ከለካችሁ በኋላስ? እጃችሁ ላይ ያለው ያው አንድ ወረቀት ነው። ለዚያ ሰው የሚሆን ሌላ ወረቀት ከሌለ ፈተናው የጠቀመው ማንን ነው?

ቁጥሩም ቢሆን ሰውን እየመረጡ መፈተን አያስፈልግም ይላል። በ2003 አሜሪካ ባደረገችው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 36 በመቶው የጤና ንባባቸው መሠረታዊ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። ጎበዝ የተባሉት 12 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሦስት ሰው አንዱ የሚቸገር ከሆነ ማን እንደሆነ ከመፈለግ ለሁሉም አቅልሎ መጻፍ ይቀላል። ነርስ ጓንት የምታደርገው ለሁሉም ታካሚ ነው፣ በሽታ አለበት ብላ ለጠረጠረችው ብቻ አይደለም። የተማረውም ቀላል ወረቀት ሲሰጠው አይከፋም። እኔ እስካሁን «ይህ ወረቀት በጣም ገባኝ» ብሎ ቅሬታ ያቀረበ ፕሮፌሰር አላየሁም።

አሁን ወደዚያ ወደ ቀረው ዘዴ። ወረቀቱን ለሰው ስጡና ምን እንደሚያደርግ እዩ። ይኸው ነው።

ይህን ያስተማረኝ በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ነው። 395 ታካሚዎች የመድኃኒት ጠርሙስ ተሰጣቸው። ጠርሙሱ ላይ «በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ኪኒን ይውሰዱ» የሚል ነበር። ዝቅተኛ የንባብ አቅም ካላቸው ሰዎች 70.7 በመቶው ጽሑፉ ምን እንደሚል በትክክል ተናገሩ። ጥሩ ነው ትላላችሁ። ከዚያ «እስቲ በቀን የሚወስዱትን ያህል ኪኒን ቆጥረው ያሳዩኝ» ተባሉ። በትክክል አራት ያወጡት 34.7 በመቶ ብቻ ሆኑ። ግማሾቹ በመንገድ ቀሩ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ቃላቱ የልጅ ቃላት ናቸው፣ ሰዎቹም አንብበውታል። ቀመሩም ፈተናውም ይህን አይነግሯችሁም ነበር። የነገረን ኪኒን ቆጥሮ ያወጣው እጅ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ «በቀን ሁለት ጊዜ» ብዬ አልጽፍም። «ጠዋት 2 ኪኒን፣ ማታ 2 ኪኒን» ነው የምጽፈው።

በአውሮፓ ኅብረት ይህ ግዴታ ነው። ከ2004ቱ ሕግ ወዲህ ከመድኃኒት ጋር የሚወጣ መግለጫ ከመጽደቁ በፊት በተራ ሰዎች መፈተሽ አለበት። አሠራሩ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በአንድ ዙር 10 ሰው፣ በሁለት ዙር 20። ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀቱን ሰጥቶ መጠየቅ ነው፤ «አንድ ጊዜ መውሰድ ብትረሳ ምን ታደርጋለህ?» ዓይነት ጥያቄ። 90 በመቶው መልሱ ወረቀቱ ላይ የት እንዳለ ማግኘት አለባቸው፣ ካገኙት ውስጥ ደግሞ 90 በመቶው መረዳታቸውን ማሳየት አለባቸው። ካልሆነ የሚወድቀው ወረቀቱ ነው። ይህን አነጋገር በጣም ነው የምወደው። ታካሚው አይወድቅም፣ ወረቀቱ ይወድቃል።

ሐኪም ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ ይኸው ነገር መልሶ ማስነገር ይባላል። «ገባዎት?» ማለት አይደለም። ለ«ገባዎት?» ሁሉም ሰው «አዎ» ነው የሚለው። «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልይ፣ ቤት ሲሄዱ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯታል?» ማለት ነው። ጥፋቱን ወደ ተናጋሪው የሚወስደው የመጀመሪያው ሐረግ አይቅርባችሁ፣ ሐፍረቱን የሚያነሣው እሱ ነው። በ2003 የስኳር ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሐኪሞች ካነሷቸው 124 አዳዲስ ነገሮች ውስጥ ታካሚው መረዳቱን ያረጋገጡት በ15ቱ ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ይህን የሚያደርጉ ሐኪሞች ያከሟቸው ሰዎች ደግሞ ስኳራቸው በተሻለ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ዘዴ 5 ኮከብ እሰጣለሁ።

ጉድለት የለውም አልልም። ጊዜ ይወስዳል። አሥር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም፣ አለቃ «ቀመሩ 6ኛ ክፍል ካለ ምን ትጠብቃለህ?» ይላል፣ ማተሚያ ቤትም ይጣደፋል። አሥር ካልተገኘ አምስት ይሁን። አምስት ካልተገኘ አንድ። አንድ ሰው ምንም ካለመጠየቅ በእጅጉ ይሻላል፣ እኒያ አባት አንድ ሰው ነበሩ።

አሁን በእጄ ያለው ቀላል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤት ለሚሄዱ ሰዎች የሚሰጥ አንድ ገጽ ነው። ስለ ሕመም ማስታገሻው «እንደ አስፈላጊነቱ ይውሰዱ» ይላል። ሁልጊዜ የምንጽፈው ሐረግ ነው፣ ለዓመታት እኔም ጽፌዋለሁ። እስካሁን ለአራት ሰው ሰጥቻለሁ። አንዷ በትክክል «ካመመኝ እወስዳለሁ» አለች። አንዱ «ሐኪሙ ሲያዘኝ» አለ። ሁለቱ ግን «አስፈላጊ ነው ስለሚል ሳላቋርጥ መውሰድ አለብኝ» አሉ። ልክ ናቸው፣ አስፈላጊ ማለት የግድ ማለት ነው፣ ማን ሌላ አስተማራቸው? ትናንት ማታ ቀየርኩት፦ «ካመመዎት አንድ ኪኒን ይውሰዱ። ካላመመዎት አይውሰዱ።» ከሥሩ በአንድ ቀንና ሌሊት ከስንት ኪኒን ማለፍ እንደሌለባቸው በትልቅ ቁጥር አስገባሁ። ነገ ጠዋት ለአምስተኛው ሰው እሰጠዋለሁ።